የእንደራሴው እምቢታ

ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሰው ሲያገባ፣ ሲመረቅ ወይም ለልጁ ስም ሲያወጣ፣ መምጣት ያልቻለ ዘመድ ካለው የሚደወለው ወደ ከማሉዲን ነው። አባቷ ወልዲያ የቀረባት ሙሽራ ዘንድ፣ እናቱ ቪዛ የተከለከለችበት ተመራቂ ዘንድ፣ ታላቅ ወንድሙ ከሥራ ኦፍ ያላገኘለት ሙሽራ ዘንድ፣ ሁሉም ዘንድ ይገኛል። መንገደኛ የሚያመላልስበትን የኤርፖርት ሻትል ቁልፍ ለባልደረባው ያስረክባል፤ ግራጫ ሱፉን ይለብሳል፤ ከፊት ከተሰደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የቀረው ሰው ስም ሲጠራ ብድግ ይላል። ንግግር አድርግ ቢሉት፣ "የላከኝ ሰው ደስ ብሎታል" ብሎ መልሶ ይቀመጣል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው "እንደራሴ" ይለዋል፤ ግማሹ ለማክበር፣ ግማሹ ለማሾፍ።

ቃሉ ያረጀ ነው። ንጉሥ እሱ ወደማይደርስበት አገር ሹም ሲልክ፣ ይህን ሰው እንደ ራሴ አድርጋችሁ እዩት ማለቱ ነበር። ቆም ብሎ ላሰበው ግን ግራ ያጋባል። የእኔ የምንለው ነገር ከእኛ ተነጥሎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሱፍ ለብሶ ሌላ ሰው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል? ሊቀመጥ ከቻለስ፣ የተቀመጠው ሰው የራሱን ነገር የት ጥሎት ይመጣል? ከማሉዲን በዚህ ጥያቄ ራሱን አያደክምም። ሥራውን የተማረው እንግሊዝ አገር ታክሲ ሲነዳ ነው፤ መምህሩም ሰይፍ የታጠቀ ሽማግሌ ነበር።

ያኔ ዘመኑ የንግሥቲቱ ነበር። ከማሉዲን ከሰው ይልቅ በግ በሚበዛባት በአንዲት የእንግሊዝ ካውንቲ ይኖር ነበር። ዜግነት በተቀበለበት ቀን አዲሶቹ ዜጎች በአዳራሹ ተደርድረው ሳሉ በሩ ተከፈተና አንድ መለሎ ሰው ገባ። ጥቁር ሰማያዊ የማዕረግ ልብስ፣ ሱሪው ላይ ቀይ መስመር፣ ወገቡ ላይ ሰይፍ፣ ተረከዙ ላይ የፈረሰኛ መውጊያ። ሰውየው ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ሲሆን የንግሥቲቱ የካውንቲው እንደራሴ ነበር። በነሱ አጠራር ሎርድ ሌፍተናንት ይባላል። እየዞረ የእያንዳንዱን እጅ ጨበጠ።

"ከሩቅ ነው የመጣኸው?" አለው ከማሉዲን ዘንድ ሲደርስ።

ከማሉዲን የተወለደው ሐይቅ ከተማ፣ ደሴ አጠገብ ነው። በድንጋጤ የከተማውን ስም ተርጉሞ፣ "ከሌክ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ" አለ።

"ግሩም ነው! ከየትኛው?"

"አንድ ነው ያለን።"

ኮሎኔሉ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅምና ሳቀ። ከማሉዲን ሳቁን እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጥሮ፣ የከተማው ምክር ቤት በታክሲ ማቆሚያው ጉዳይ ስለሚያደርስባቸው መጉላላት በአንድ ትንፋሽ ነገረው። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

"ወዳጄ፣ እኔ ምንም ላደርግልህ አልችልም። ሥልጣን የለኝም" አለው።

"ትንሽም?"

"ቅንጣት።"

"ታዲያ ሰይፉስ?"

"እሱማ ስቀመጥ እንድጠነቀቅ ነው።"

ከዚያ በኋላ ኮሎኔሉ የክብረ በዓል ቀን ሲሆን የሚጠራው የከማሉዲንን ታክሲ ሆነ። ሰይፉ በበሩ እየተያዘ፣ መውጊያው የመኪናውን ምንጣፍ እየቀደደ፣ ከመንደር መንደር ዞሩ። ሜዳሊያ ይሰጣል፣ ድልድይ ይመርቃል፣ መቶ ዓመት የሞላቸው አሮጊቶች ዘንድ ሻይ ይጠጣል። ደመወዝ የለውም፣ ወታደር የለውም፣ አስተያየት እንኳ አይሰጥም። አንድ ቀን ግን የአንዲት መንደር ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ተብሎ ወላጆች ተሰብስበው፣ ኮሎኔሉ ከምክር ቤቱ ሹም ጎን ቆሞ፣ በጨዋ ድምፅ፣ "እነዚህ ልጆች በሚመጣው ዓመት የት ነው የሚጫወቱት?" ሲል ጠየቀ። ሹሙ ቀላ፤ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ተባለ። ሲመለሱ ከማሉዲን በመስተዋቱ አየው።

"ሥልጣን የለኝም ብለው ነበር።"

"የለኝም። ያልተባልኩትን መናገርም አልችልም። መጠየቅን ግን ማንም አልከለከለኝም።"

በዚያው ሰሞን መስዑዳ ከምትባል፣ ዳላስ ከምትኖር የወሎ ልጅ ጋር በዘመድ ተዋውቀው በስልክ ይነጋገሩ ነበር።

"ማን ነው የምትነዳው አልከኝ?"

"ሎርድ ሌፍተናንቱን።"

"ሎርድ ጌታ ነው። ሌፍተናንት መቶ አለቃ ነው። ጌታ መቶ አለቃ? ስንት ወታደር አለው?"

"አንድም የለውም።"

"ደመወዙስ?"

"በነፃ ነው።"

"ሰይፍ ይዞ ነው የሚዞረው ብለኸኛል?"

"አዎ።"

"ከማሉ፣ ይኼ ሰውዬ አሞታል። አንተም ሳይጋባብህ ቶሎ ና።"

መጣ። ተጋብተው ሌክ ሃይላንድስ ውስጥ ምድርና ፎቅ ባለው አፓርትመንት ገቡ። ቤቱ ውስጥ የጠበቀችው ግን መስዑዳ ብቻ አልነበረችም፤ የመስዑዳ ወንድም የሙዓዊያ ልጅ አርዋም ነበረች። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተች አክስቷ አምጥታ ነው ያሳደገቻት። አባቷ ሙዓዊያ ሐይቅ ላይ የልብስ ሱቅ አለው። ልጁን ያሳደጋት በስልክ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥርሷ ሲነቀል፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ፣ እዚያው አጠገብ ሪቻርድሰን ካሉት የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሥራ ስትጀምር፣ ሁሉንም የሰማው በጆሮው ነው። አርዋም ለአባቷ ያላት ነገር ልዩ ነው። በአቅራቢያው አርሊንግተን ያደገ፣ ሆስፒታል የሚሠራ ኡበይዳ የሚባል ልጅ ወድዳ፣ ልጁ "እንጋባ" ሲላት፣ "ባባ እሺ ካለ ብቻ። ኖ ካለ፣ ኖ ነው" ብላዋለች። ይህንንም በዚህ ቤት የማያውቅ የለም።

ሙዓዊያ ለሠርጉ ቪዛ ጠይቆ ሳይሰጠው ቀረ። በዚያ ሳምንት ለከማሉዲን ደወለ።

"ሽማግሌ ሊልኩ ነው አሉኝ።"

"ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይመጣሉ፣ ኢንሻአላህ።"

"አንተ እዚያ እኔ ነህ። ጥሩ አድርገህ ስማኝ። በመጀመሪያው እምቢ በላቸው።"

ከማሉዲን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

"በሁለተኛው ‘እንመካከር’ በላቸው። በሦስተኛው እኔ በስልክ አለሁ፤ የዚያን ጊዜ እሺ እላለሁ። እኔ እናቷን ስጠይቅ አማቼ አጥር ላይ ነው የመለሱኝ፤ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። እነዚህ ግን እዚህ ያደጉ ልጆች ናቸው። ቀድሜ ልንገራቸው?"

"ከተነገራቸውማ ቲያትር ሆነ! ለማንም እንዳትናገር፤ ለሷም ቢሆን። አማና ነው፤ አደራ።"

"ሙዓዊያ፣ ምን ያደርግልሃል?"

ሙዓዊያ በር ሲዘጋ ተሰማ።

"አዳራሹን አልመረጥኩ። ልጁን በዓይኔ አላየሁ። እጇን ይዤ አልወጣ። ለዚህ ሠርግ እምቢ ማለት ብቻ ነው የቀረችኝ። እሷንም ልነፈግ? ‘ልጅቷ አባት አላት፤ እንዲህ በቀላሉ አትገኝም’ ይበሉ።"

ከማሉዲን እሺ አለ። እምቢታ አንዳንዴ ስጦታ እንደሚሆን የገባው ሰው ነበርና።

ቅዳሜ ደረሰ። መስዑዳ ከንጋት ጀምሮ ወጥ ቤት ናት፤ ቤቱ በቁሌት ሽታ ተሞልቷል። አርዋ ፎቅ ላይ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። የኡበይዳ ዘመዶች ወደ ሲያትል ስለተዛወሩ ሽማግሌ የሆኑለት ጓደኞቹ ነበሩ፤ ሦስተኛው አውሮፕላኑ ዘግይቶበት ሁለት ብቻ መጡ። አንደኛው ዮአብ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ቅጥር ክፍል የሚሠራ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ሁለተኛው ሕዝቅያስ ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው ቢሆንም ያለዕድሜው ስለሸበተ በዚያ ተመርጧል። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር ስላልሆነ ከማሉዲን ደስ አለው። ሌላው ቢቀር፣ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል።

"ጋሽ ከማል" አለ ዮአብ፣ የተለማመደውን እያስታወሰ፣ "የመጣነው ለወንድማችን ለኡበይዳ፣ ማለቴ፣ ልጃችሁን አርዋን ለትዳር እንድትሰጡን ልንጠይቅህ… ልንጠይቅዎት ነው።"

ከማሉዲን ግራጫ ሱፉን አስተካከለ። ፊቱን አኮሳተረ። በዚያች ቅጽበት እሱ አልነበረም፤ ሐይቅ ላይ፣ ሱቁ ደጃፍ የቆመ አባት ነበር።

"የምንድራት ልጅ የለችንም።"

ዮአብ ሕዝቅያስን አየ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አድራሻውን ተመለከተ።

"ይቅርታ፣ ዩኒት ሁለት መቶ አራት አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"አርዋ እዚህ አይደለም የምትኖረው?"

"የምንድራት ልጅ የለችንም ብያለሁ።"

"ብሮ" አለ ሕዝቅያስ በሹክሹክታ፣ "ኖ እያሉን ነው።"

"ኦ።" ዮአብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፊቱ ላይ መልካም አስተዳደግ የሚባለው ነገር ሁሉ ታየ። "ኦኬ። ዲሲዥናችሁን ሪስፔክት እናደርጋለን። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁን በጣም እናመሰግናለን።"

እጅ ነሱ፤ በር ላይ ያወለቁትን ጫማ አጠለቁ፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ፤ ሄዱ።

ከማሉዲን በቆመበት ቀረ። በወጉ መሠረት ሽማግሌዎቹ አሁን ይለምኑ ነበር። "የልጁን ዘር ጠይቁ፣ ጠባዩን መርምሩ" ይሉ ነበር። እሱም ፊቱን እያዞረ፣ ትንሽ እየለዘበ፣ "እስቲ ሌላ ቀን" ይል ነበር። የተዘጋጀው ለዚያ ነው። እነዚህ ልጆች ግን አንድን ነገር ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ተምረዋል፦ ሰው አይሆንም ካለ አይሆንም ማለቱ ነው፤ ደግመህ አትጠይቀውም። ይህም በራሱ ትልቅ ጨዋነት ነው። ሁለት ጨዋነቶች አንድ ሳሎን ውስጥ ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

መስዑዳ የተከመረ ሰሃን ይዛ ብቅ አለች።

"የታሉ?"

"ሄዱ።"

"የት ሄዱ?"

"ሄዱ በቃ። አመስግነው ሄዱ።"

አርዋ ደረጃው ላይ ቆማለች። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

"አጎቴ፣ ኖ አልካቸው?"

"እኔ አይደለሁም ያልኩት" አለ ከማሉዲን።

ይህች ቃል ነገሩን አባሰችው። "ባባ ነው? ባባ ኖ አለ?" አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሶፋው ላይ የተጣለው ስልኳ አከታትሎ ነዘረ፤ ዮአብ ለኡበይዳ፣ ኡበይዳ ለሷ ጽፈው ነበር። "አልደውልለትም። ኖ ካለ ኖ ነው ብያለሁ። ኢትስ ኦቨር።"

መስዑዳ አፏን ልትከፍት ስትል ከማሉዲን ክንዷን ያዘና ጆሮዋ ሥር ሹክ አላት። "የወንድምሽ አማና ነው። እንዳትናገሪ።"

መስዑዳ የወንድሟንም የባሏንም ጠባይ በአንድ ጊዜ የተረዳች ሴት ናትና ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በእጇ ወደ በሩ አመለከተች።

"ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሩጥ!"

ኮሎኔሉ፣ እንደራሴ አይሮጥም ይል ነበር፤ ከሮጠ ሰው ሁሉ አገር የተወረረ ይመስለዋልና። ከማሉዲን በነጠላ ጫማ፣ በሱፍ፣ ክራባቱ ትከሻው ላይ እየበረረ፣ በመኪና ማቆሚያው መሐል ሮጠ። ዮአብ መኪናውን ወደ ኋላ እያወጣ ነበር። ከማሉዲን የኋላውን በር ከፍቶ ገባና ቀበቶውን አሰረ።

ሁለቱ ዞረው አዩት።

"ጋሼ… አር ዩ ኦኬ?"

"ደህና ነኝ።"

"ሐሳባችሁን ቀየራችሁ?"

"የምንድራት ልጅ የለችንም።"

"ኦኬ" አለ ዮአብ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለበሽተኛ እንደሚናገር። "ሶ… የት እናድርስዎት?"

"ልጁ የት ነው?"

ልጁ በስተማዶ ካለው ዶናት ቤት ተቀምጦ ነበር፤ እዚያ ሆኖ የምሥራች ሊጠብቅ ነው የመጣው። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ከፊቱ ያልተነካ ዶናት አለ። ከማሉዲንን ሲያይ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለ ከማሉዲን፤ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ጋሽ ከማል፣ አይ አም ሶሪ፣ የሆነ ስህተት ከሠራን…"

ከማሉዲን ልጁን አየው። ሊነግረው ፈለገ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትበቃ ነበር፤ ጫፏ ምላሱ ላይ ናት። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር የሱ አልነበረችም። ሐይቅ ላይ ያለ ሰው አደራ ያስቀመጣት የራሱ ንብረት ናት፤ ከሰጣት ያ ሰው ለልጁ ሠርግ ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ዝም ካለ ደግሞ ደረጃ ላይ የምታለቅስ ልጅ አለች። በሁለቱ መካከል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ታየችው።

"ከሩቅ ነው የመጣኸው?" አለ።

"ከአርሊንግተን። ያውቁታል እኮ።"

"መንገድ እንዴት ነበር?"

"ትራፊክ ነበር።"

"ትራፊክ ሲያጋጥምህ ወደ ቤትህ ተመለስክ?"

"አይ፣ ቆየሁ። ጠበቅኩ።"

"ይህን የሆስፒታል ሥራህን በስንተኛው ነው ያገኘኸው?"

"በሦስተኛው። ሁለቴ ሪጀክት አድርገውኛል።"

"ያኔ ምን አልካቸው? ‘ዲሲዥናችሁን ሪስፔክት አደርጋለሁ’ ብለህ ቀረህ?"

ሕዝቅያስ ሽበቱን አከከ። ዮአብ እጁን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

"ዌይት። ዌይት፣ ዌይት። ጋሼ፣ እየነገሩን ያሉት…"

"እኔ ምንም አልነገርኳችሁም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።"

"ሶ፣ ተመልሰን ብንመጣ ችግር የለውም?"

"የምንድራት ልጅ የለችንም።"

"ኦኬ፣ ኦኬ። ግን… በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤት ነዎት?"

"ቅዳሜ ረፋድ ላይ ምን ጊዜም ቤት ነኝ" አለ ከማሉዲን፤ የልጁንም ዶናት ወደራሱ ስቦ በላው።

ሲመለስ ለሙዓዊያ ደወለ። አማቹ ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ ደነገጠ፤ "ዝም ብለው ሄዱ? ልጄን?" አለ። ከዚያ ስለ ዶናት ቤቱ ሰማ።

"ነገርካቸው እንዴ?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ። ዶናት ብቻ ነው የበላሁት።"

"አርዋስ?"

"አለቀሰች።"

"አብዝቼው ይሆን?" አለ ሙዓዊያ።

"ደውልላት። ስለ ጉዳዩ አታንሳ። ምን በላሽ በላት።"

ደወለላት። ምን እንደተባባሉ ከማሉዲን አላዳመጠም፤ ብቻ አርዋ ስልኩን ይዛ ስትወርድ ዓይኗ ቀልቶ ከንፈሯ ግን ሳቅ እየታገለው ነበር። መቼም አባት ልጁን "ቆሎ ቁርጠት ያስይዛል፣ ተጠንቀቂ" እያለ ሙሉ ሰዓት ሲያወራት፣ የተቆጣ ሰው ድምፅ እንዳልሆነ የማይገባት አይደለችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ሕዝቅያስ በመካከሉ አዲስ አበባ ላሉት አያቱ ደውሎ ነበር። አያቱ የሆነውን ሲሰሙ ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው፣ ወጉን ከሥር እስከ ጫፍ አስተምረውታል። እናም ቆሙ፣ ለመኑ፣ ተማጠኑ። ዮአብ የኡበይዳን ጠባይ ሲዘረዝር የሥራ ማመልከቻ ያነብ ይመስል ነበር፤ "ታታሪ ነው፤ በቡድን መሥራት ይችላል" ሲል መስዑዳ ወጥ ቤት ውስጥ በሳቅ ታፈነች። ከማሉዲን ፊቱ ሳይፈታ፣ "እንመካከራለን" አለ።

እንግዲህ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም። ሙዓዊያ ቲያትር እንዳይሆን ብሎ ፈርቶ ነበር። ከማሉዲን ግን ያን ዕለት ሽማግሌዎቹን ሸኝቶ በሩን ሲዘጋ፣ በዚያች የበግ አገር ያያቸው ክብረ በዓላት ሁሉ ትዝ አሉት። ሰይፉ እንደማይቆርጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ተዋናይ፣ የሌለውን ነገር ያለ ያስመስላል። ወግ ደግሞ ያለውን ነገር፣ ቶሎ ቢባል እንደ ዋዛ የሚያልፈውን፣ ቀስ ብሎ እንዲታይ ያደርገዋል። አንድ አባት ልጁን መስጠት ይከብደዋል፤ ይህ እውነት ነው። በአንድ ደቂቃ እሺ ቢል እውነቱ የት ይታይ ነበር?

በሦስተኛው ቅዳሜ ኡበይዳም አብሮ መጣ፤ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከማሉዲን ስልኩን ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ያዘው። በመስታወቱ ላይ ሙዓዊያ ኮፍያውን አድርጎ፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ ፊቱ ግማሽ ብቻ ይታያል።

"ካሜራውን ዝቅ አድርገው። ይኼ ነው ልጁ?"

ካሜራው ሕዝቅያስ ላይ ነበር።

"ያ ረቢ! ይኼ ከኔ ይበልጣል እኮ!"

"እኔ ሽማግሌው ነኝ፣ ጋሼ!" አለ ሕዝቅያስ ደንግጦ።

ካሜራው ዞረ። ሙዓዊያ ኡበይዳን ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከማሉዲንም እሺታውን ሊያሰማ ስልኩን ከፍ አደረገ።

"የምንድራት ልጅ የለችንም" አለ ሙዓዊያ።

ከማሉዲን ስልኩን ወደ ራሱ አዞረ፤ በስምምነታቸው ውስጥ ይህ አልነበረም። የአማቹን ፊት ሲያይ ግን ዓይኖቹ እያበሩ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰውየው እምቢታውን በሌላ ሰው አፍ ብቻ አሰምቶ ነበርና፣ አንዴ በገዛ አፉ ሊላት ፈልጎ ነው። ከማሉዲን ምንም ሳይል ስልኩን መልሶ አዞረው።

ዮአብ በጭንቀት በር ላይ ወዳወለቀው ጫማው አየ። ሕዝቅያስ ግን ምንጣፉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ጋሼ" አለ፣ "እኔ እስከ ረቡዕ ኦፍ ነኝ።"

ዮአብም ተቀመጠ። ኡበይዳ ትንሽ አመነታና እሱም ተንበረከከ። "አባባ፣ ካስፈለገ አሥር ጊዜ እመጣለሁ" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "ትራፊክ ቢኖርም።"

ከስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የሳል የሚመስል ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ታወቀ። ሙዓዊያ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፣ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት።

"ሰጥቻችኋለሁ" አለ። "አላህ ይባርካችሁ። ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ልጄን ጥሩልኝ።"

መጥራት አላስፈለገም። አርዋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፣ ስልኩንም ከከማሉዲን እጅ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ባባ! ዩ ስኬርድ ሚ! ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ሙሉ!" እያለች ትጮሃለች። አባቷ የልጁን ሹራብ ክር ብቻ እያየ፣ "ጨለመብኝ፣ ጨለመብኝ፣ አንሺኝ" ይላል። መስዑዳ እልልታውን አቀለጠችው፤ የጎረቤት ግድግዳ ተመታ፤ እሷም ለጎረቤቱ ምላሽ ደግማ አቀለጠችው።

ጠረጴዛው ተሰናዳ። ዮአብ፣ "አሁን በይፋ መብላት እንችላለን አይደል?" ብሎ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ እጁን ታጠበ። ሁሉም ሊቀመጥ ሲሻማ ስልኩ በውኃ ማንቆርቆሪያው ተደግፎ ጥግ ላይ ቀርቶ ነበር።

"ከማሉዲን!" አለ ሙዓዊያ ከዚያ ሆኖ። "እኔ የት ነው የተቀመጥኩት? ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

ከማሉዲን ከጠረጴዛው ራስ ካለው ወንበር ተነሣ። ስልኩን ወስዶ እዚያ ወንበር ላይ፣ ሁለት ትራስ ደራርቦ፣ ሁሉም እንዲታየው አድርጎ አቆመው። ክራባቱን ፈታና ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሕዝቅያስና በዮአብ መሐል ተጣብቦ ገባ፤ ስለ እግር ኳስ የጀመሩትን ጭቅጭቅ ሰማ፤ ሁለቱም እንደተሳሳቱ በሙሉ ድምፁ ነገራቸው።